ፈትቶ ያልገጠመ አይወስድም

ጋሽ ተገኘ ሞተ ብለው የደወሉልኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀብሩ ላይ ደረስኩ፤ ባልደርስ ይሻለኝ ነበር። ሬሳው ጉድጓድ ሳይገባ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ብቅ አለና መነጽሩን አስተካክሎ «ሟች ከምንም ተነሥተው ሥራ የፈጠሩ፣ ለክልላችን ወጣቶች አርአያ የሆኑ የፈጠራ ባለሙያ ነበሩ» እያለ ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረ። ሰዉ አለቀሰ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ይህ አንባቢ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የሟችን ጋራዥ በር በወረቀትና በማኅተም ያሸገው ኃላፊ ነው። መሣሪያዎቹን በመኪና አስጭኖ የወሰደውም እሱ ነው። መቃብሩ ላይ እንኳን ወረቀቱን ሲያነብ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

እኔስ ብትሉኝ፣ እኔም በሩ ሲታሸግ እዚያው ነበርኩ። እነግራችኋለሁ፤ አልደብቅም። ግን መጀመሪያ ሰውዬው ማን እንደነበረ ይታወቅ። ያ ወረቀት ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው።

አሶሳ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ጋሽ ተገኘን ያወቅኩት ልንቀው ሄጄ ነው። ተማሪዎቼ «ወደ ባምባሲ መውጫው ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጀነሬተር የሚሠራ ሰው አለ» ሲሉኝ ሳቅኩ። ጀነሬተር ይጠገናል እንጂ ማን ይሠራዋል? እስቲ ልየው ብዬ የኮሌጁን መለኪያ በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ያገኘሁት አጭር፣ ጠይም፣ አራት ብሎን በከንፈሩ ነክሶ የሚያወራ ሰው ነው። ብሎኖቹን ሳያወጣ «ግባ፤ ግን ምንም እንዳትረግጥ» አለኝ። መሬቱ ላይ ደግሞ እግር የሚያሳርፍ ባዶ ቦታ አልነበረም።

መሣሪያዎቹን ያየ ሰው ከእነዚህ ምን ሊወጣ ነው ማለቱ አይቀርም። ብረት የሚነክስበት ሞርሳ ከጭነት መኪና ክሪክ የተሠራ ነበር። መብሻው፣ እኛ ኮሌጅ ውስጥ በመስታወት ክፍል ቆልፈን የምናስቀምጠው ትራፓኖ ማለቴ ነው፣ እሱ ዘንድ በአልጋ እግር ላይ የተተከለ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር ሲሆን ጥቅሉን ራሱ ጠቅልሎታል። ግራይንደሩ በገበያ ላይ ከሚገኘው ሁሉ ርካሹ ነው፤ ወገቡ ተሰንጥቆ በጎማ ክር ተጠፍንጓል። ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የሚገቡትን ርካሽ የብሎን መፍቻ ቁልፎች በደርዘን ይገዛ ነበር። እነዚያን ቁልፎች የገዛ ሰው ያውቃቸዋል፤ መጀመሪያ ባገኙት የጠበቀ ብሎን ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ። እሱ ግን ገና ሳይከፍቱ አፋቸውን ቆርጦ ይጥልና ከመኪና ባሌስትራ የወጣ ብረት ይበይድባቸዋል። «የገዛሁት እጀታውን ነው» ይላል። ሌላው በሳምንት የሚጥለው ቁልፍ እሱ እጅ ላይ ዓመታት ይቆያል።

ጀነሬተሩን የሚሠራው ከሁለት ሬሳ ነው። አንዱ ከአሮጌ ወፍጮ ወይም ከመስኖ ፓምፕ የወጣ ባለ አንድ ፒስተን የናፍጣ ሞተር ሲሆን ሌላው ተቃጥሎ የተጣለ ዲናሞ ነው። ሞተሩን ያድሳል፤ የዲናሞውን ሽቦ አንድ በአንድ እየቆጠረ እንደገና ይጠቀልላል፤ ሁለቱን ወፍራም ብረት ላይ አስቀምጦ በቺንጋ ያገናኛል። ያን ቀን አስነሣልኝና መለኪያዬን አስገባሁ። እንዲሳሳት ፈልጌ ነበር፤ አልተሳሳተም።

«ጥሩ ነው» አልኩ፣ እየከበደኝ።

«መለኪያህም ጥሩ ነው» አለኝ። «ሲበላሽ ማን ይፈታዋል?»

«አይፈታም። አዲስ አበባ ይላካል።»

«እንግዲያው ያንተ አይደለማ!» ብሎ ብሎኖቹን ወደ ከንፈሩ መለሰ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩበት። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ከዚያ ጋራዥ አልጠፋሁም፤ ኮሌጅ ውስጥ የማስተምረውን ግማሹን የተማርኩት እዚያ ነው።

ጋሽ ተገኘ አንድ ሕግ ነበረው። ጀነሬተር ሊገዛ የመጣ ሰው ዕቃውን እሱ ፊት ብትንትን አድርጎ ፈትቶ፣ መልሶ ገጥሞ፣ አስነሥቶ ካላሳየው አይወስድም። አንድ ቀን ቢፈጅ፣ አራት ቀን ቢፈጅ ግድ የለውም። የሚፈታው ሰው የሌላ ቦታ ሳይሆን ዕቃው የሚሄድበት ቤት ወይም መንደር ሰው መሆን አለበት። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ጫፉን እንኳ አይነካም። ስትሳሳት ዝም ይላል። ስህተትህን ራስህ ስታገኘው «ይኸዋ!» ይላል፣ ያገኘው እሱ ይመስል።

አንድ ጊዜ አንድ ሀብታም ነጋዴ ከሾፌሩ ጋር መጣ። «የሚፈታልኝ ሰው እቀጥራለሁ፤ እኔ ነጋዴ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» አለ። ጋሽ ተገኘ በትሕትና ወንበር አቀረበለትና ካቻቢቴ ሰጠው። ሰውዬው ተቆጥቶ ተነሣ። «ዕቃ እየሸጥክ ነው ወይስ ትምህርት ቤት ከፍተሃል?» አለው።

«ወላሂ ሁለቱንም አይደለም» አለ ጋሽ ተገኘ። ክርስቲያን ነው፤ ግን የወሎ ሰው ስለሆነ ወላሂ ይላል። «ነገ ሲቆምብህ ስሜን እንድትሰድብ አልፈልግም። ራስህን ስደብ።»

ነጋዴው ሳይገዛ ሄደ። ጋሽ ተገኘን ሚስቱ ለሦስት ቀን አኮረፈችው።

ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ አንዴ ብቻ ነግሮኛል። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ሰዎች ጋር በልጅነቱ ነው የመጣው። ለሰፈራው መንደር ወፍጮ ተሰጠ፤ ጥቂት ወር ፈጭቶ ቆመ። ባለሙያ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው ተባለ፤ ዘበኛም ቆመበት። ባለሙያው ሳይመጣ ወፍጮው ዛገ። እናቱ እስክትሞት በድንጋይ ፈጨች። ካደገ በኋላ ያንኑ ወፍጮ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ገዝቶ ሲፈታው ተሰብሮ ያገኘው ነገር ጣት የማታክል ስፕሪንግ ነበረች። «ዘበኛው ይጠብቅ የነበረው እሷን ነው» አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ሳይስቅ ቀረ፤ እሱ ደግሞ ሁሌ የሚስቅ ሰው ነበር።

ሐዋን ያወቅኳት እዚያው ነው። ወደ ኩርሙክ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች መንደር ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የበርታ ልጅ። የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ በፀሐይ ኃይል ይሠራ ነበር፤ ባትሪው ሞተና ቆመ። መንደርተኛው አዋጥቶ ሐዋንና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ጋሽ ተገኘ ላከ። እሱ ሕጉን ሲነግራቸው ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሱ ግን ካቻቢቴውን የሰጠው ለሷ ነው።

«ያ ኡስታ፣ እኔ መርፌ ነው የማውቀው» አለችው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት፣ አንድና ብዙ ይደባልቃል። የበርታ ደንበኞቹ ሁሉ ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያው፣ ነው የሚሉት፤ «ያ» የሚሉት ሲጠሩት ነው። «ሞተር አላውቅም። ወንዶቹ ይፍታ።»

«ማቀዝቀዣው የማን ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ሞተሩም ያንቺ ነው። ፍቺው።»

ሦስት ቀን ፈጀባት። በመጀመሪያው ቀን አለቀሰች፤ በሁለተኛው ቀን ተሳደበች፣ በበርታኛ ስለነበር አልገባንም፣ ሽማግሌዎቹ ግን ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት አስነሣችው። ጋሽ ተገኘ «ይኸዋ!» ሲል ድምፁ ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰማ። ያ ጀነሬተር ሁለት ዓመት ሠራ። በቀን ጥቂት ሰዓት ከተነሣ ማቀዝቀዣው በረዶውን ይይዛል፤ ክትባቱም አይበላሽም። ሲቆም ሐዋ ትፈታዋለች። የዚያ መንደር ሕፃናት በወራቸው ይከተቡ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ተፈለገ እንጂ! አንድ ቀን ደረጃቸውን ያልጠበቁ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይጣሩ ተባለና ሦስት አባላት ያሉት ቡድን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ያ የቀብር አንባቢ ነው። ሁለተኛው ከእሱው መሥሪያ ቤት የመጣ ጸሐፊ ነው። ሦስተኛው፣ በባለሙያነት፣ እኔ።

ቅጽ ይዘን ጋራዡ ገባን። ጋሽ ተገኘ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የማውቀው ሰው መጣልኝ ብሎ። ለካሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። ቺንጋው ግን መሸፈኛ አልነበረውም፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ የሰው እጅ ይበላል፤ ነገርኩት። በማግስቱ ስንመለስ እዚያ የነበሩት ጀነሬተሮች ሁሉ የላሜራ መሸፈኛ ተገጥሞላቸዋል። የቀረው በቅጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው ነው፦ የአምራቹ ስምና የኃይሉ መጠን የተጻፈበት ሰሌዳ ተለጥፏል? አልተለጠፈም። ጋሽ ተገኘ በዕድሜው አንድም ዕቃ ላይ ስሙን ለጥፎ አያውቅም።

«ቀላል ነው» አለ ሰብሳቢው። «ሰሌዳ ይለጥፍና ይለፍ።»

ወደ ጎን ወሰድኩት። «ጋሽ ተገኘ፣ ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። እኔ ራሴ ቆርጬ እጽፍልሃለሁ።»

«አይሆንም፣ መምህር።»

«ለምን?»

«ሰሌዳ ያለበትን ዕቃ ሰው ይፈራዋል። የሌላ ሰው ነው ብሎ ያስባል። ስሜን ያየ ቀን ካቻቢቴውን ያስቀምጥና እኔን ሊጠብቅ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ እሞታለሁ።»

ለመንኩት። ተቆጣሁት። ግትር አልኩት፤ ግትርም ነበር! አንዲት ቁራጭ ላሜራ፣ አራት ብሎን! ዛሬም ትዝ ሲለኝ እናደድበታለሁ። በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቅጹ ወደ እኔ መጣ። «የባለሙያ አስተያየት» ከሚለው ፊት «አያሟላም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ማሽኑ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ኮሌጃችን ከገዛቸው ከብዙዎቹ እንደሚሻል አውቃለሁ። ሰብሳቢው ከጀርባዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የኮሌጁ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ወንበር አለው። ልጆች አሉኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጋሽ ተገኘ ስፈርም አየኝ። ከከንፈሩ ላይ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

በዚያው ሳምንት ጋራዡ ታሸገ፤ እኔም ቆሜ አየሁ። መሣሪያዎቹ መጋዘን ገቡ። በየመንደሩ ያሉት ጀነሬተሮች ተሰበሰቡ፤ የሐዋም ተወሰደ። በምትኩ አዲስ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ጀነሬተር መጣላት፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ። ጎኑ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለው። ከሰሌዳው በታች ደግሞ ከተፈቀደለት ባለሙያ በቀር የከፈተው ሰው ዋስትናውን ያጣል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሐዋ አለቃ ያን ወረቀት በጣቱ እያሳየ «አንቺ በተለይ! ሰምተሻል?» ብሏታል።

በአምስተኛው ወር ቆመ። ሐምሌ ነበር። ሐዋ ከድምፁ ብቻ ችግሩን አውቃዋለች፤ ናፍጣ አልደርሰው ብሎ ነው። አለቃዋ ደብዳቤ ጽፏል፣ ባለሙያ ይመጣል፣ እንዳትነኪው አላት። ማቀዝቀዣው ሞቀ፤ ክትባቱ ተበላሸ፤ ተጣለ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ከአሶሳ በበረዶ ሣጥን አምጥቶ ማድረስም አልተቻለም። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየመጡ ይመለሱ ጀመር። ኢክራም የምትባል የዘጠኝ ወር ልጅ ለኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለቴም ተመልሳለች። ነሐሴ ውስጥ ኩፍኝ መንደሩ ገባ። ኢክራም በእናቷ ጀርባ ላይ እንዳለች፣ ወደ አሶሳ ስትወሰድ፣ መንገድ ላይ ሞተች። ባለሙያው እስከዚያ ቀን አልመጣም። የደብዳቤው ቁጥር ግን አለ፤ በትክክል ተመዝግቧል።

ከቀብሯ በኋላ ሐዋ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ ጋሽ ተገኘ ቤት መጣች። አብሯት ሄደ። መሣሪያ የለውም፤ ሁሉም መጋዘን ነው። ከጎረቤት አንድ ካቻቢቴና አንድ ቁልፍ ለመነ። ኬላው ሲደርሱ እጁን እንደ ልማዱ ወደ ኋላ አጣመረና «ፍቺው» አላት።

«ያ ኡስታ፣ ከሥራ ያባርረኛል።»

«ያባርርሽ። ፍቺው።»

ፈታችው። የናፍጣ ማጣሪያው በውኃና በቆሻሻ ተደፍኖ ነበር። አጥባ መለሰችው፤ ሞተሩ ተነሣ። በሙሉ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ሁለት ወር የቆመውና አንዲት ልጅ የቀበርንበት ነገር ይኸው ነው! ሐዋ የደሞዝ ቅጣትና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ክሱ «ያልተፈቀደ ዕቃ መክፈት» ይላል።

ጋሽ ተገኘ ከዚያ ጉዞ ሲመለስ ማሳል ጀመረ። የዓመታት የብየዳ ጭስ ደረቱ ውስጥ ነበር፤ ሥራ ሲያቆም ጊዜ ያገኘ ይመስል ተነሣበት። አንድ ቀን ብቻ ልጠይቀው ሄድኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ባዶ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። ስለ ተማሪዎቼ ጠየቀኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ለምን ፈረምክ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው መንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነበር፤ ያዘጋጀሁትን ይዤ ተመለስኩ።

እንግዲህ ይህንን ሰው ነው አርአያ ብለው የቀበሩት። የመጋዘኑ ቁልፍ ያኔም ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ ሰዉ እጁን ጨበጠው፤ መጥቶ እኔንም ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። ይህንንም ልናገር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐዋ ዘንድ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በትክክል አላውቅም፤ ምናልባት የሚሰድበኝ ሰው ፈልጌ ይሆናል። ኬላው በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጀነሬተሩ ከጀርባ ይሠራል። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ መልሳ አልገጠመችውም።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ኡስታ ነግሮኛል።»

«ምን አለሽ? ሰደበኝ?»

«ላ። አልሰደበም። መምህር ሞተር ያውቃል፣ ፈርቶ ነው አለ። አንተን አልተቆጣም።» ወደ ጀነሬተሩ ዞረች። «ያን ቀን ሞተር ሲነሣ ደስ አላለውም። ኢክራም እናቱ ቤት ውሰጂኝ አለ። ወሰድኩት።»

«ምን ሊያደርግ?»

«መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱ አማርኛ አይሰማም፣ የልጅቱ እናት። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። 'ሰሌዳ ለጥፍ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። ብለጥፍ የኔ ሞተር አይወሰድም ነበር፣ ልጅሽ ይከተብ ነበር። ይቅር በይኝ' አለ። ወላሂ እንደዚህ አለ። አለቀሰ።»

«እሷስ?»

«እሱም አለቀሰ። ሌላ ማን መጣ? ማንም አልመጣም።»

ደሜ ፈላ። በሐዋ ላይ አይደለም፤ በሟቹም ላይ አይደለም። ያንን ቅጽ የፈረምነው ሦስት ነበርን። አንዱ መቃብር ላይ ንግግር አነበበ፤ አንዱ የደብዳቤ ቁጥር ይመዘግባል፤ አንዱ እኔ ነኝ። ይቅርታ የጠየቀው ያልፈረመው ሰው ነው።

ተነሣሁ።

«የኢክራም እናት ቤት የቱ ጋ ነው?» አልኳት።